የእሁድ ኦቨርታይም

ሜሪላንድ ያለችው የአበሻ ቤተ ክርስቲያናችን የምስክርነት ሰዓት አላት። ማይኩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ወረቀቱ በወጣለት፣ ቤት በገዛ ወይም ልጁ ጥሩ ኮሌጅ በገባለት ሰው እጅ ላይ ነው። እልልታው ይቀልጣል። ደስታውን አልነቅፍም፤ በዚህ ወለድ ቤት መግዛት በራሱ ተአምር ነው። ግን ኢየሱስን በመከተሉ ምን እንደቀረበት የሚመሰክር ሰው ማይክ ሲይዝ አላየሁም።

ማርቆስ ምዕራፍ 10 ላይ ጴጥሮስ «ሁሉን ትተን ተከተልንህ» ቢል፣ ጌታ ቤትም ወንድምም እህትም እናትም እርሻም መቶ እጥፍ እንደሚሰጥ ተናገረ፤ «ከስደት ጋር»፣ ማለትም ከመሳደድ ጋር፣ የምትለውንም እዚያው አስገባት። እኛ ቤቱን ወስደን ስደቱን ለሌሎች የተውንላቸው ይመስላል።

ሌሎቹ ደግሞ ሩቅ አይደሉም። የመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ታስረው ከተፈቱ በኋላ ከሀገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ኡራኤል ካለው ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተወሰዱ፤ አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ታሰሩ። የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚያው ክረምት ነው። ደርግ ሲገድል ጴንጤ ኦርቶዶክስ ብሎ አልመረጠም።

በ2004 ዓ.ም. ታኅሣሥ ደግሞ ሳውዲ ዐረቢያ፣ ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ታሰሩ፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ከወራት እስር በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ለጸሎቱ የከፈሉት እንጀራቸውን ነው። ሀገር ቤትም ቢሆን በአንዳንድ ገጠር እምነቱን የለወጠ ሰው ከዕድር ይሰረዛል፤ ቤተሰቡ ሬሳ ይዞ መቀበሪያ የሚለምንበት ጊዜ አለ። ለቅሶ የሚደርስለት ጎረቤት ማጣት እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለአበሻ አይነገርም።

አሜሪካ እንዲህ የሚያደርግህ የለም። የምትጠየቀው እሁድ ጠዋትን ነው። እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው፤ በደርግ ጊዜ መጋረጃ ጋርደው፣ ድምፃቸውን አፍነው ሲዘምሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ «ሺፍት አለብኝ» ብለው ወር ሙሉ ይጠፋሉ። ካድሬ ያላስቆማቸው ሰዎች በኦቨርታይም ቆሙ። የቤት ኪራይ የሚያንገበግበውን አልፈርድበትም። እኔ የማወራው ሁለተኛውን መኪና ስለሚከፍለው ነው።

የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ አንዲት እህት አለችን። የእሁዱ ሺፍት ይከፍላል፤ እሷ ግን የሕፃናት ክፍል አስተማሪ ናትና ትታዋለች። ማንም አላጨበጨበላትም። ባለፈው ዓመት እናቷ ጎንደር ዐረፉ። ወረቀቷ ስላላለቀ ልትቀብራቸው አልሄደችም። አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ ሦስት ቀን ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ ወንበር አንሶ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት ተዋስን። አብራት የምትሠራ ልጅ ሳትጠየቅ ሺፍቷን ሸፈነችላት። አንዲት እናት፣ በዝምድና የማይገናኟት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቧ ተቀምጠው «እኔ አለሁልሽ ልጄ» ሲሏት ሰማሁ።

ብለዋት ብቻ አልቀሩም፤ ዛሬም በየሳምንቱ ቅዳሜ እንጀራ ይዘው ይመጣሉ፣ ስልኳን ካላነሳች ይቆጧታል፣ ባል ካላገኘንልሽ እያሉም ያስቸግሯታል።