ደራጎንን የደራ ተወላጅ ያደረገው ማን ነው?

ሰሞኑን ባሕር ዳር ላይ፣ ለዘጌ ገዳማት ጎብኚዎች ስለሚዘጋጅ ማብራሪያ በተካሄደ ውይይት አንድ ተናጋሪ ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የወጋው «ደራጎን» ስሙን ያገኘው «ከደራ ጎን» ስለተነሣ ነው አሉ። ተጨበጨበላቸው። ይህስ ይሁን፤ ጭብጨባ ግብር የለበትም። እኔን ያስቆጣኝ ወዲያው «በጽሑፉ ይካተት» መባሉ ነው።

ደራን እናውቃታለን፤ የጣና ምሥራቅ ጎረቤታችን ናት። ባሕር ዳር በእርግጥም የባሕር ዳር ማለት ስለሆነ ግን አንዳንዶቻችን ማንኛውም ስም ለሁለት ሲቆረጥ ምሥጢሩን የሚዘረግፍ ይመስለናል። እንዲያ ከሆነ የፈረንጅ ተረቱን ደም መጣጭ፣ ድራኩላን፣ የትኛው ወረዳ እናስመዝግበው?

ታሪኩ ራሱ ምን ይላል? ደራጎን የሚመለከው በቤሩት ነው፤ ለእርሱ የተሰጠችው ልጅም ብሩታዊት ትባላለች፣ የቤሩቷ። በየገዳሙ ግድግዳ ላይ ዛፍ ላይ ወጥታ የምናያት እርሷ ናት። አውሬው የደራ ቢሆን ኖሮ ልጅቱ እንዴት ከቤሩት መጣች?

ስሙ የግሪክ ነው፤ ድራኮን። ብዙ ሊቃውንት «አተኩሮ ማየት» ከሚል ግሥ ጋር ያዛምዱታል፤ ዓይኑ የሚወጋ እባብ እንደ ማለት። ላቲን ድራኮ፣ ፈረንሳይ ድራጎን አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1408 የሃንጋሪው ንጉሥ ሲጊስሙንድ የድራጎን ማኅበር የሚባል የመሳፍንት ማኅበር አቋቋመ። በዛሬዋ ሩማንያ የምትገኘው የዋላኪያ መስፍን ቭላድ በኋላ አባል ሲሆን «ድራኩል» ተባለ፤ ልጁም «ድራኩላ»፣ የድራኩል ልጅ። ያ የክብር መጠሪያ ዛሬ በሩማንያ ቋንቋ «ድራክ» ሲባል ሰይጣን ነው። በእኛም መጽሐፍ ቅዱስ፣ ራእይ ምዕራፍ 12 ላይ፣ ታላቁ ዘንዶ ዲያብሎስ ነው። የቻይናው «ሎንግ» ደግሞ ዝናብ አምጪ፣ ባለ ግርማ ፍጡር ነው፤ ስሙም ከግሪኩ ጋር አይዛመድም። ይህን ያህል አገር የዞረ ስም በአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ደራ ላይ ተወለደ!

የራሳችን አጥተን ነው እንዳይባል በግዕዝ አርዌ አለ፣ ተመን አለ፣ ከይሲ አለ። በትውፊታችን አገር ይገዛ የነበረው እባብ አርዌ ነው፤ ከግሪክ አልተበደርነውም። በእጃችን ያለውን ጥለን የሰው ስም ክርስትና የምናነሣው ለምንድን ነው?

«ለቱሪዝም ይጠቅማል» የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ከአቴንስ የመጣ ጎብኚ ከጀልባ ወርዶ ያንን ሲያነብ የሚስቀው በተናጋሪው አይደለም፤ በገዳማቱ ነው። ማብራሪያው ገና አልታተመም ተብሏል። መስመሩ ዛሬውኑ ይውጣ፤ ቦታው ባዶ ከቀረ ስለ አርዌ ይጻፉበት።