«ያስታውቃል» አለኝ

አሁን ገና እግሬን ታጥቤ ቁጭ አልኩ። በጎረቤት ውሃ። ያውም ጣሪያዋን ባበሰበስኩባት ጎረቤት ቤት። የኔ ሻወር ቤት ሻወር ቤት መባሉ ቀርቷል፤ ቁፋሮ ነው።

«ቤቴን ላድስ ነው» ብዬ ስለጥፍ በልብ ምልክት ያጥለቀለቃችሁኝ ሁሉ የት ናችሁ? አንዳችሁ እንኳን «ከየት ነው የምትጀምሪው?» አላላችሁኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ከቀለም ጀመርኩ። አዎ፣ ሳቁ። ቀለም ቀቢ ቶሎ ይገኛል፣ በሁለት ቀን ይጨርሳል፣ ቤቱ ወዲያው ቤት ይመስላል። ሳሎኑን፣ ኮሪደሩን፣ መኝታ ቤቱን በስቱኮ አስለስልሼ ሁለት እጅ አስቀባሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቡና ስጠራ ሰነበትኩ።

ከዚያ የሻወር ቤቱ ግድግዳ ማላብ ጀመረ።

ቧንቧ ሠራተኛው ትናንት መጣ። ቀጠሯችን ባለፈው ማክሰኞ ነበር። በመሐል አራት ጊዜ ደውዬ አራቴም «መንገድ ላይ ነኝ» ብሎኛል። ከጀርባው ዶሮ ይጮሃል። የትኛው ቀለበት መንገድ ላይ ነው ዶሮ የሚጮኸው? ብቻ መጣ። ሻይ በዳቦ አቀረብኩ። ባዶውን የቀለም ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠበት፣ ግድግዳዬን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄ ቀለም አዲስ ነው?»

«አዎ፣ በቅርቡ ነው።»

«ቧንቧው ሳይነካ?»

«አዎ።»

«የመብራቱ መስመርም ሳይቀየር?»

«እ... አዎ።»

«ማን መክሮሽ ነው እህቴ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«ያስታውቃል።»

ያስታውቃል! ቢስቅ እኮ ይሻለኝ ነበር። ሐኪም የምርመራ ውጤት እያየ እንደሚናገረው ነው ያላት፣ ረጋ ብሎ። ረዳቱ ግን፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። የኔን ዳቦ አፉ ውስጥ ይዞ!

ከዚያ ያስተምረኝ ጀመር። መጀመሪያ የሚፈርሰው ይፈርሳል። ቀጥሎ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ይገባል። ቧንቧው ሳይሸፈን ውሃ ተለቆበት ይፈተሻል። ከዚያ ልስን። ሻወር ቤቱ ውሃ መከላከያ ይቀባል፣ የወለሉ ማፍሰሻ ተደፍኖ ውሃ ተሞልቶበት አንድ ቀን ያድራል። ወደ ታች ካልወረደ ሴራሚክ ይነጠፋል። «ቀለም መጨረሻ ነው» አለና በዳቦው ሳሎኔን ጠቆመኝ። የሚያበግነው ደግሞ ልክ መሆኑ ነው።

እሺ አንተ አዋቂ! ይሄን ሁሉ ካስተማርከኝ በኋላ ምን አደረግክ? መሮና መዶሻውን አንስቶ ግድግዳውን ይቆረቁር ጀመር። ግድግዳው ስስ፣ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት መሆኑን ማን ይንገረው፣ መሮው በመኝታ ቤቴ በኩል ብቅ አለ። በዚያ በአዲሱ ቀለም መሐል። አሁን ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ አልጋዬን አያለሁ። «ይደፈናል» አለኝ። ቧንቧውን ቀየረ። እንፈትሸው ስለው ውሃ የለም፣ ፈረቃችን አይደለም። «በኔ ይሁንብሽ» ብሎ በሲሚንቶ ለቅልቆት ሄደ።

ውሃ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መጣና ራሱን ፈተሸ።

በር ሲንኳኳ የታችኛዋ እማማ ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበዋል፣ በእጃቸው ድስት። «ልጄ፣ ዝናብ ነው ብዬ ልብስ ላስገባ ተነስቼ ነበር» አሉኝ። በጥር! ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት? ዛሬ ማታ ደግሞ ዋናውን ቫልቭ መዝጋቴን ሲሰሙ «ነይ እኔ ቤት ታጠቢ» አሉኝ። እግሬን ስታጠብ ከጣሪያቸው ትከሻዬ ላይ ጠብ ይላል። የራሴው ውሃ።

ደሞ ሴራሚኩን ሳልነግራችሁ። ተክለሃይማኖት ሄጄ ባለሱቁ «ስንት ካሬ ነው?» ሲለኝ ዝም። «ባለቤትሽ ያውቀው ይሆን?» ባለቤቴን ከየት ላምጣልህ፣ እሱንም ካርቶን ውስጥ ትሸጣለህ? ቤት ተመልሼ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁ፣ ለሚሰበረው 10 በመቶ ጨምሬ ስመለስ ዋጋው ሌላ ሆኗል። «ዶላር ጨመረ።» ሐምሌ 2016 ላይ የብሩን ምንዛሪ ገበያው ይወስነው ከተባለ ወዲህ ይቺ ቃል ለሁሉም መልስ ሆናለች። ሴራሚኩስ ከውጭ ነው የገባው እንበል። ከሞጆ የመጣውን አሸዋስ በዶላር ነው የሚዝቁት?

ስድስት ካርቶን ሴራሚክና ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ጭኜ ብሎካችን በር ስደርስ ጫኝና አውራጆቹ ተሰልፈዋል። የጠሩብኝ ዋጋ ሴራሚኩን ሊያህል ምንም አልቀረው። «ተዉት፣ ከወንድሜ ጋር እናወርደዋለን» አልኩ። «አውርዱት፣ ሒሳቡን ግን ትከፍያለሽ።» ላልተሸከሙት! ከፈልኩ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ግን የተሸከምነው እኔና ወንድሜ ነን፣ ምክንያቱም ደረጃው «ለብቻው ነው የሚታሰበው»። ወገቤ እስካሁን ቀጥ አላለም።

እህቴ ደግሞ ከዋሽንግተን በየቀኑ ፎቶ ትልክልኛለች። «የኩሽናውን ግድግዳ አፍርሺውና ኦፕን ኪችን አድርጊው» ትለኛለች። እሷ ሽንኩርት ማቁላላት ከተወች ስንት ዓመቷ! አንድ ዶሮ ወጥ ብሠራ እኮ ትራሴ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ቁሌት ቁሌት ይላል። ግድግዳ ላፍርስ ካልኩማ ያ ሰውዬ አለልኝ፣ ሳልነግረውም ያፈርሳል።

ቀኑን ሙሉ ስደውልለት ዋልኩ፣ ስልኩ ዝግ ነው። ልተወው ብዬ ሌላ ሰው ባመጣ ደግሞ የሚለውን አውቃለሁ። ከንፈሩን ይመጥና «ይሄን ማን ነው የሠራልሽ?» ነው የሚለኝ። ቀለም ቀቢው ስለ ለሳኙ እንዲያ ብሏል፣ ቧንቧ ሠራተኛው ስለ ቀድሞው ቧንቧ ሠራተኛ እንዲያ ብሏል። ሁሉም ጎበዝ ነው፣ ቤቱን ያበላሸው ሰው ብቻ አይታወቅም።

ይሄን እየጻፍኩ የስልክ መልእክት ገባልኝ። ከሱ ነው።

«ነገ 2 ሰዓት እመጣለሁ። ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ አዘጋጂ። ቀለም እንዳታስቀቢ።»