ዓሣው ተለቀቀ፤ መንገዱስ?

የዓሣ ጫጩት ሲለቀቅ ዜናው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ቦቴው ዳርቻው ላይ ይቆማል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ስንት ሺህ እንደተለቀቀ ይነገራል። እኔ ግን ቁጥሩን ስሰማ ቶሎ የሚመጣብኝ ጥያቄ ሌላ ነው። እዚያ ደርሶ የሚያጠምደው ማነው?

ሐይቁ የሕዝብ ነው እንላለን። ዙሪያው ታጥሮ፣ መኪና ማቆሚያ ጠፍቶ፣ መውረጃው ገደል ከሆነ ግን ዓሣው የሚቀረው ጀልባ ላለውና ጉልበት ላለው ብቻ ነው። ጫጩቱ የተገዛው በሁሉም ገንዘብ ነው። ይሄ ነገር ያናድደኛል።

የአሜሪካዋን የሞንታና ግዛት ታሪክ ደጋግሜ የማነሳው ለዚህ ነው። ማዲሰን ወንዝ ላይ የተደረገ ጥናት ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። በማራቢያ ያደገ ትራውት የሚባል የዓሣ ዓይነት ሲጨመር፣ እዚያው የተፈለፈለው ትራውት ይቀንሳል። መጨመሩ ሲቆም ያገግማል። ግዛቷም እ.ኤ.አ. በ1974 ትራውት ራሱን በሚተካባቸው ወንዞች ዓሣ መልቀቅ አቆመች። በ1985 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። በሕዝብ መግቢያ በኩል ወንዙ ውስጥ የገባ ሰው፣ ግራና ቀኙ የግል መሬት ቢሆንም፣ ውኃው በመደበኛ ሙላቱ እስከሚደርስበት ድረስ እየተንቀሳቀሰ ማጥመድ ይችላል። የሰው መሬት አቋርጦ መምጣት ግን አይፈቀድለትም። ስለዚህ ድልድይ ሥር ያለች አንዲት መውረጃ እንኳ ትልቅ ዋጋ አላት።

መልቀቅ ይቅር እያልኩ አይደለም። አዲስ ግድብ ወይም ዓሣ የማይራባበት ኩሬ ጫጩት ያስፈልገዋል። ብቻ በጥንቃቄ ይሁን። ጫጩት የያዘው ከረጢት ሙቀቱ ከሐይቁ ጋር እስኪስተካከል ውኃው ላይ ተንሳፍፎ መቆየት አለበት። በጥድፊያ የተዘረገፈ ጫጩት ደንግጦ ያልቃል። ከሌላ ቦታ የመጣ ዝርያ መልቀቅማ ጨርሶ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1950ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው ናይል ፐርች የተባለ ትልቅ አዳኝ ዓሣ የዚያ ሐይቅ ብቻ የነበሩ ብዙ ትናንሽ ዓሣዎችን ለመጥፋት ዳርጓል።

መንገዱን ብንከፍት ሰው ይበዛል፣ ቆሻሻ ይበዛል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ሰው የማይደርስበት ውኃ ሲበከልም፣ በሕገወጥ መረብ ሲታለብም የሚያይለት የለም።

ገንዘቡስ? አሜሪካ በ1950 በወጣ ሕግ መሠረት ከመንጠቆና ከማጥመጃ ዕቃ ግብር ትሰበስባለች። ከዚህ ፈንድ ከሚደርሳቸው ገንዘብ 15 በመቶውን ግዛቶቹ ለጀልባ መግቢያና መሰል ሥራ ማዋል አለባቸው። እኔ የምወደው የድርሻው በሕግ መወሰን ነው። ካልተወሰነ መንገድ ሁሌም የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጉዳዩ ትንሽ ነው። ውኃው ላይ የተሠራ የእንጨት መድረክ መደገፊያው ከፍ ካለ፣ በዊልቸር ለሚመጣ ሰው ፊቱ ላይ ይጋረጥበታል። ዘንጉን መወርወር አይችልም፤ ክሩንም አያይም። የአሜሪካ የ2010 የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መስፈርት፣ መድረኩ መደገፊያ ካለው ቢያንስ ሩብ ያህሉ ከ86 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ያዛል። ይህን ለማድረግ ቦቴ አያስፈልግም። አናጢ፣ መጋዝና የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል።