ያልተነካ መጽሐፍ አይቀደድም

ዕድሜ ለትምህርት ቤቶቻችን! ቡፌ ውስጥ የተደረደረው ሲኒ ለእንግዳ እንጂ ለቤት ልጅ እንደማይወጣ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ላይብረሪውንም በዚያው ሥርዓት ቢይዝ ይመሰገናል እንጂ አይወቀስም። ቡፌው መስታወት አለው፤ ላይብረሪውም መስኮት አለው። ልጁ አንገቱን አስግጎ አይቶ ይለፍ። መጽሐፍ መኖሩን ማወቅም አንድ ዕውቀት ነው።

ጥበቡ ከሰዓቱ ይጀምራል። ላይብረሪው ጠዋት 2፡30 ይከፈታል፤ ተማሪው በዚያች ደቂቃ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፉን ጨርሶ ክፍል ገብቷል። 6፡30 ለምሳ ይዘጋል፤ ተማሪው ደግሞ ለምሳ ይወጣል። 7፡30 ሲከፈት ተማሪው ተመልሶ ተቀምጧል። የመጨረሻው ደወል ሲደወል ሠራተኛዋም ቦርሳዋን አንጠልጥላለች። በፈረቃ የሚማረው ግማሽ ቀን ነፃ ነውና በትርፍ ሰዓቱ ገብቶ ሊያነብ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ዘበኛው ንቁ ነው፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ በጠዋት ግቢ አይገባም። ለአንባቢ የምትቀረው የ15 ደቂቃ ዕረፍት ናት። በእሷም ውስጥ ቦርሳ ውጪ ማስቀመጥ፣ መታወቂያ ማስያዝ፣ መዝገብ ላይ ስምና ክፍል መጻፍ አለ። ፊርማው ሲደርቅ ደወሉ ይደወላል።

ይህን ሁሉ አልፎ የገባ ጀግና ቢገኝ እንኳ መደርደሪያው ከባንኮኒው ጀርባ ነው። መጽሐፉን በስሙ መጥራት አለበት። ስሙን ከየት ያውቃል? ካታሎግ የለም፤ ካለም የሚቀመጠው ከባንኮኒው ጀርባ ነው። ስለዚህ ልጁ የሚያውቀውን አንዱን ስም ይጠራል፦ የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ። እሱ ደግሞ በአንድ ክፍል ውስጥ ለስንት ልጅ አንድ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። «ተይዟል» ይባላል። ተግባባን።

ይህ ሁሉ ክፋት እንዳይመስላችሁ። ሒሳብ ነው፤ ያውም ትክክለኛ ሒሳብ። መጽሐፍ ትምህርት ቤት ሲደርስ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 በተባለው የመረከቢያ ቅጽ ይረከበዋል። ላይብረሪው በሞዴል 20 ይጠይቃል፣ በሞዴል 22 ፈርሞ ይወስዳል። ከዚያች ፊርማ በኋላ መጽሐፉ የተማሪው አይደለም፤ የወረዳውም አይደለም፤ የሠራተኛዋ ዕዳ ነው። በሰኔ ቆጠራ አንድ ቢጎድል ከደመወዟ ሊታሰብ ይችላል፤ ዝውውር ብትጠይቅ ክሊራንሱ እዚያው ላይ ይቆማል። በአንጻሩ ዓመቱን ሙሉ አንድም ሰው ያላነበበው መጽሐፍ ሲቆጠር ምን ይሆናል? ምንም። ሞዴል 19ን አገላብጡ፣ ሞዴል 22ን ዘቅዝቁ፤ «ተነበበ» የሚል ዓምድ የለም። በቆጠራ ጊዜ ግን «ጎደለ» የሚል ቃል አይጠፋም። እስኪ እናንተ በእሷ ደመወዝ በእሷ ወንበር ተቀመጡና ቁልፉን የት እንደምታስቀምጡት ንገሩን።

በዚህ ስሌት አንባቢ ማለት ለንብረቱ ከእሳት ቀጥሎ ያለ አደጋ ነው። መቶ ጊዜ የተዋሰ መጽሐፍ ጥራዙ ይላላል፣ ጠርዙ ይጠቁራል፣ አንድ ቅጠል ይወድቃል። ያ ቅጠል ሰው እንዳነበበው ምስክር ነበር፤ በቆጠራ ቋንቋ ግን «ጉዳት» ይባላል።

ወደ ዕርዳታ መጽሐፍ እንምጣ። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ከባሕር ማዶ ሲመጣ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሠርግ ይመስላል። ከካርቶኑ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ላኪው ቤት ቦታ ያጣበበ ነው፦ ከአራተኛው ቅጽ ጀምሮ ያለ የአሮጌ ኢንሳይክሎፔድያ ስብስብ፣ የሌላ አገር የግብር ሕግ፣ ማንም የማይጠቀምበት የኮምፒውተር ፕሮግራም መመሪያ፣ በረዶ ሰው ስለሚሠሩ ሕፃናት የሚያወራ ተረት። ለአፋር ቆላ ልጅ የበረዶ ሰው! ደግ ነው፣ ቢያንስ ያቀዘቅዛል። ብልህ ላይብረሪ ካርቶኑን ሲከፍት በሦስት ይከፍለው ነበር፦ ለክፍል ደረጃው የሚሆን፣ ለመምህራን ማጣቀሻ የሚሆን፣ የማይሆን። የማይሆነውንም ሳይመዘግብ ይመልሰው ነበር። እኛ ግን ሁሉንም በሞዴል 19 እንቀበላለን፤ ምክንያቱም አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ማስወገድ ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤና የበላይ ፈቃድ ይጠይቃል። ውጤቱ ያማረ ነው። ሪፖርቱ ላይ «4 ሺህ መጻሕፍት ያሉት ዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት» ተብሎ ይጻፋል። ከአራቱ ሺህ ምን ያህሉ በተተወው ሥርዓተ ትምህርት የታተመ የድሮ መማሪያ እንደሆነ የጠየቀ ኢንስፔክተር ካለ እሱ ተንኮለኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ኩራት፣ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ። ጫማ አውልቃችሁ ግቡ። አትሳቁ፤ በብዙ ትምህርት ቤት በር ላይ ተጽፏል። 24 ኮምፒውተር አለ እንበል፤ ሁለት ሁለት ቢቀመጡ 48 ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይማርበታል። ይህን ስሌት ማንም እንዳይሠራው ኮምፒውተሮቹ ጥልፍ ጨርቅ ለብሰዋል፤ የስክሪኑ መከላከያ ላስቲክ ከምረቃው ቀን ጀምሮ አልተላጠም። የአይሲቲ ትምህርት ግን አልተቋረጠም፤ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ማውስ ይሥላል። «ግቤት መሣሪያ» ይላል፤ ተማሪው ይጽፋል። ጅራቱንም አሳምሮ ስለሚሥለው ከኋላ የተቀመጠው ልጅ እውነተኛ አይጥ ይመስለዋል።

የተቀመጠ ዕቃ አይበላሽም የሚለው እምነታችን ግን ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ያስቸግራል፤ ማሽኑ ይህን ባህል አላጠናም። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ውሰዱ። ውስጡ ያለው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ገደማ የሆነ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ነው። ቢሠሩበትም ባይሠሩበትም ቻርጁ በራሱ ይፈሳል። ባዶውን ለወራት ሲቀመጥ የእርሳስ ሳህኖቹ ላይ የሰልፌት ቅርፊት ይጋገራል፤ ከዚያ ወዲያ ቢሰኩት አይሞላም። ከሰኔ እስከ መስከረም ተቆልፎበት የከረመ ዩፒኤስ በትምህርት መክፈቻ ቀን «ጢጥ» ብሎ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። በየሁለትና ሦስት ወሩ ለአንድ ሙሉ ቀን ተሰክቶ ቢያድር ኖሮ ሦስት አራት ዓመት ያገለግል ነበር። ግን ማን ይሰካዋል? ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ነው፣ ርዕሰ መምህሩ ወረዳ ስብሰባ ላይ ናቸው።

ማዘርቦርዱ ላይ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ፣ ደግሞ የሳንቲም ያህል የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ይሏታል። ሥራዋ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ማስታወስ ነው። ስትሞት ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ኤፍ 1 ጫኑ ይላል፤ ቀኑም ወደ ኋላ ዓመታት ሸሽቶ ይቆማል። ቀኑ ከተሳሳተ የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፊኬት ገና ያልጀመረ ይመስለዋልና ኢንተርኔት ቢኖርም ገጹን አልከፍትም ይላል። «ቫይረስ ገብቶበታል» ይባልና በሩ ለሌላ ሴሚስተር ይታሸጋል። መድኃኒቷ ባትሪዋን በጥፍር ነቅሎ በአዲስ መተካት ነው፤ ቡና አፍልቶ ከመጠጣት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን የኮምፒውተሩን ክዳን መክፈት ንብረት መነካካት ነው፤ ኮሚቴ ያስፈልገዋል።

የይለፍ ቃሉን ነገር አለማንሳት አይቻልም። የአስተዳዳሪውን ይለፍ ቃል የሚያውቀው መምህር ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ክሊራንስ ሞልቶ፣ ወንበሩንና ዳስተሩን አስረክቦ ነው። ይለፍ ቃሉን ግን ማንም አልተረከበውም፤ ሞዴል ስለሌለው። አሁን ክፍሉ ሁለት ቁልፍ አለው፦ አንዱ ርዕሰ መምህሩ ጋ፣ ሁለተኛው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ።

ይህ ሁሉ ታሪካዊ መሠረት አለው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ሲመጣ፣ በሳተላይት እየተላለፈ በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው የስክሪን መምህር ማንንም አይጠብቅም ነበር። የክፍሉ መምህር መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መሀሉ የስክሪኑ ነው። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ ሰማይ ላይ ይቀጥላል፣ ክፍሉ ምድር ላይ ይቀራል፤ ማቆሚያም መመለሻም የለም። ዕቃው አርጅቶ ከጠፋ በኋላም ግድግዳው ላይ የቀረ ማቀፊያ በአንዳንድ ክፍል አለ። ማቀፊያውም ይቆጠራል።

አሁን ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሎቹ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠቱ መጣ። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሣለ ማውስ ለለመደ ልጅ ይህ የሚገርም ግጥምጥሞሽ ነው፤ ጨርቁ ሲገለጥ የመጀመሪያው ትውውቅና የመጨረሻው ፈተና በአንድ ጠዋት ይሆናሉ። ይህም የቁጠባ ባህላችን ነው፦ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ።

ከዚህ ሥርዓት ያፈነገጡ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ጥንቃቄ ይደረግ። ጥፋታቸው እንዲህ ይፈጸማል። ካርቶን ወይም የእንጨት ሣጥን ይወስዳሉ፣ ለክፍሉ ዕድሜ የሚሆኑ 40 ያህል መጻሕፍት ይሞሉበታል፣ ለአለቃው ይሰጡታል። አለቃው በአንድ ደብተር ላይ ስም፣ የመጽሐፉን ቁጥርና ቀን ይጽፋል፤ በዐሥራ አምስት ቀኑ ሣጥኑ ወደ ሚቀጥለው ክፍል ይዛወራል። ኮሃ የተባለውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ለመጫን ሥልጠና አይጠይቁም፤ ለዘጠኝ መቶ መጽሐፍ አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን መዝገብ ይበቃል ይላሉ። መጻሕፍት በርዕሰ ጉዳይ የሚመደቡበትን የዱዊን ቁጥር ከሦስት አኃዝ አያስረዝሙም፤ 500 ሳይንስ፣ 800 ሥነ ጽሑፍ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ፣ ለታችኛው ክፍል ደግሞ ባለ ቀለም ፕላስተር። መደርደሪያውን ከግድግዳ አንድ መዳፍ ያህል ያርቁታል፤ እርጥበትና ምስጥ የሚመጣው ከግድግዳው ነውና። ክረምት ላይ ፀሐይ በወጣ ቀን መስኮት የሚከፍት ሰው ይመድባሉ። ከሁሉ የከፋው፣ መስከረም ላይ ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ጋር ተቀምጠው ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፦ ከመቶ መጽሐፍ እስከ አምስቱ በአገልግሎት ቢያልቅ ወይም ቢጠፋ ሠራተኛዋ አትጠየቅም። ያቺ አንዲት ገጽ ቁልፉን ከኪስ ታወጣዋለች። ልብ በሉ፣ በጀት አይደለም፤ ሥልጠናም አይደለም፤ አንዲት ገጽ ናት።

ኮምፒውተር ክፍላቸው ደግሞ ኢንተርኔት አይጠብቅም። ኪዊክስ በተባለ ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን፣ ኮሊብሪ በተባለው ደግሞ የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ በሃርድ ዲስክ አምጥተው አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጭናሉ፤ ሌሎቹ በገመድ ወይም በዋይፋይ ከእሱ ያነባሉ። ይለፍ ቃሉን በፖስታ አሽገው ካዝና ያስገባሉ። ከየክፍሉ ሁለት ተማሪ አሠልጥነው አቧራ በብሎወር ያስነፋሉ። ተማሪ ኮምፒውተር ሲነካ! በሐዋሳ አንድ ሰሞን መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ወደ ልጆች ሰፈር ይሄድ ነበር፤ ያ ከሁሉ ይብሳል፣ አህያ እንዴት ተደርጋ ትቆለፋለች?

እኛ ወደ ሥርዓታችን እንመለስ። ሱፐርቪዥን መጣ ሲባል ቁልፉ ይገኛል፤ ወለሉ ይጠረጋል፣ ጨርቁ ይታጠባል፣ ጥሩ ዩኒፎርም ያላቸው ዐሥር ተማሪዎች ተመርጠው መጽሐፍ ገልጠው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ እውነት ማንበብ ጀምሮ እንግዶቹ ከወጡ በኋላ «ትንሽ ቀረኝ» ብሎ ያስቸግራል፤ እንዲህ ዓይነቱ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አይመረጥም።

ሰኔ 30 ቆጠራ ነው። ኮሚቴው ሦስት ሆኖ ይገባል፤ አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ያያል፣ አንዱ ምልክት ያደርጋል። ጎደሎ የለም። በውሰት ያለ የለም። ከግድግዳው የተጣበቀው የታችኛው መደርደሪያ ላይ ምስጡ ከኋላ ገብቶ ገጹን ጨርሶታል፤ ሽፋኑንና ከውጭ የተለጠፈውን ቁጥር ግን አልነካም። ጠሪው ቁጥሩን ይጠራል፣ ተመልካቹ «አለ» ይላል።