በኋላ አነበዋለሁ

በካሊፎርኒያዋ ግራስ ቫሊ የሚገኘውን የኤምፓየር የወርቅ ማዕድን ሙዚየም ስጎበኝ፣ ዕውቀትን የማሳደር ጥበብ ምን ያህል እንደረቀቀ በዓይኔ ለማየት ታድያለሁ። የድሮ ጎብኚ ከመግለጫው ሰሌዳ ፊት ተገትሮ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ጊዜውን ሲያባክን ይውል ነበር። የዛሬው ሥልጡን ግን ስልኩን ይመዝዛል፣ ሰሌዳውን ቀጭ ያደርጋል፣ ያልፋል።

የማዕድን ሠራተኞቹ፣ ብዙዎቹ ከእንግሊዝ ኮርንዎል የመጡ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1850 እስከ 1956 ድረስ 367 ማይል ዋሻ ቆፍረው 5.8 ሚሊዮን አውንስ ያህል ወርቅ አውጥተዋል። ከሳክራሜንቶ አብረውኝ የመጡት ጋሼ ይህንን ሁሉ በአርባ ደቂቃ ጨርሰውታል። ወደ ጨለማ የሚወርደው የዋናው ጉድጓድ አፍ ላይ ስንደርስም አልተበገሩም፤ ጨለማውን ሦስት ጊዜ አነሡት።

እጅግ ያስደነቀኝ ግን የዋሻዎቹ ሞዴል ዘንድ የሆነው ነው። ኩባንያው ሥራ ላይ ሳለ፣ የከርሰ ምድሩን መረብ አንድ በአንድ የሚያሳየውን ይህን ሞዴል ከጥቂት ኃላፊዎች በቀር ማንም እንዳያየው በተዘጋ ክፍል ይደብቀው ነበር። ዛሬ ክፍሉ ተከፍቷል፤ ሆኖም ስጋት አይግባችሁ፣ ኩባንያው በቁልፍ ያስጠብቀው የነበረውን ምስጢር ጎብኚው የመግቢያ ከፍሎ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ይጠብቅለታል።

«ጋሼ፣ ይህን የመሰለ ማዕድን ለምን ዘጉት?» አልኳቸው።

«ወርቁ አልቆ ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

ወርቁ አላለቀም ነበር፤ መንግሥት በ1934 የተመነው የአንድ አውንስ 35 ዶላር ዋጋ ከቦታው ሳይነቃነቅ የሥራው ወጪ እየናረ ሄዶ ነው፤ ውኃ መሳቢያዎቹ ሲቆሙም ዋሻዎቹ በውኃ ተሞሉ። ይህን የሚተርከውን ሰሌዳ ጋሼ ከአሥር ደቂቃ በፊት፣ ያውም በሁለት ማዕዘን፣ አንሥተውት ኪሳቸው ውስጥ አለ። ይህን ባነሣባቸው «ይዤዋለሁ፣ በቴሌግራም እልክልሃለሁ» ሲሉ ቃል ገቡልኝ።

ከጉብኝቱ በኋላ ከተማ ወርደን፣ የኮርንዎል ሰዎች ለምሳ ጉድጓድ ይዘውት ይወርዱ የነበረውን፣ በሥጋና በድንች የተሞላውን ፓስቲ አዘዝን። ምግቡ ገና እየጨሰ ሳለ ጋሼ ስልካቸውን ቢደግኑበት «ቦታ የለም» የሚል ማስታወቂያ ወጣባቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ በአንድ እያዩ፣ ፎቶዎቹን ከ1850 ጀምረው ማጥፋት ያዙ።