ከ41 በላይ

ባሕር ዳር በገባሁበት የሴት ጫማ ቤት ሁሉ ቁጥሩ 40 ላይ ያበቃል። ሲበዛ 41 ይገኛል። የኔ እግር 43 ነው።

ትራንስጀንደር ሴት ነኝ። ስወለድ ወንድ ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ዛሬ ሴት ሆኜ ነው የምኖረው። ልጅነቴ ጣና ዳር ነው፣ ኑሮዬ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ። አሁን አክስቴን ልጠይቅ መጥቼ ባሕር ዳር ነኝ። እዚያም እዚህም ልኬ የሆነ የሴት ጫማ ስፈልግ ያየሁትን ልጽፍ ነው የተነሳሁት። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ሰርግ የሚኬደው፣ ለቅሶ የሚደረሰው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳመው ጫማ ተደርጎ ነው። ልክ የሆነ ጫማ የሌላት ሴት ቤቷ ትቀራለች።

እንደኔ ያሉ ሴቶች የሚወስዱት ሆርሞን ብዙ ነገር ይለውጣል። ቆዳ ያለሰልሳል፣ ስብ የሚቀመጥበትን ቦታ ይቀይራል። አጥንት ግን አያሳጥርም። እግር በጉርምስና አድጎ ካቆመ በኋላ አጥንቱ ያው ነው። በዚያ ላይ የርዝመቱ ጉዳይ አንድ ነገር ሆኖ የስፋቱ ሌላ ነው። ጫማ የሚሠራው ፎርማ ላይ ነው፤ ፎርማ ማለት ቆዳው የሚወጠርበት፣ የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ነው። የሴት ፎርማ ተረከዙ ቀጠን፣ ከጣቶቹ ሥር ያለው ስፋትም ጠበብ ይላል። ስለዚህ የሴት 43 ባገኝ እንኳ ርዝመቱ ልኬ ሆኖ ጎንና ጎኑ ይቆነጥጠኛል። 44 ስወስድ ፊቱ ይመቻል፣ ተረከዙ ይወልቃል። ታኮ ሲኖረው ይብሳል፤ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ተንሸራቶ ጣት ላይ ያርፋል።

«ትንሽ ነው የጠበበሽ፣ ሲለመድ ይሰፋል» የሚሉ ሻጮች ሒሳቡን ቢያስቡት ደስ ይለኛል። በኛ አገር የምንጠቀምበት የአውሮፓ ቁጥር ነው። ከአንዱ ቁጥር እስከ ቀጣዩ 7 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ሦስት ቁጥር ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ለ43 እግር 41 መሸጥ ማለት ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ እግር አጥፎ መሄድ ማለት ነው። ቆዳ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ ወደ ርዝመት ግን ብዙም አይሰጥም። የሚታጠፈው ጣት ነው።

አሜሪካ የወንድና የሴት ቁጥር ይለያያል። የወንድ 10 ተኩል የሴት 12 ይሆናል። ስፋቱም በፊደል ይነገራል፤ ለሴት የተለመደው ቢ ነው፣ ለወንድ ዲ። የድሮ ጫማ ቤቶች ብራኖክ የምትባል የብረት መለኪያ አለቻቸው። የሲራኪዩሱ ቻርልስ ብራኖክ በ1920ዎቹ የሠራት ናት፤ ርዝመትንም ስፋትንም፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት መገጣጠሚያ ያለውንም ትለካለች። እግሬ ላይ ያለው ነገር በቁጥር የሚነገር ተራ ነገር መሆኑን ያወቅኩት እሷ ላይ ቆሜ ነው። ከዚያ በፊት እግሬን የማየው እንደ ጥፋት ነበር።

ፔይለስ የሚባል ርካሽ ጫማ ቤትም ነበር። የሴት ትልልቅ ቁጥሮች መደርደሪያው ላይ ይገኙ ነበር፤ ራስሽ አንስተሽ፣ ራስሽ ለክተሽ ትከፍያለሽ። አብረውኝ ያሉ ትራንስ ሴቶች ዛሬም ስሙን በናፍቆት ነው የሚያነሱት። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ያሉትን ሱቆቹን ሁሉ ዘጋ። አሁን ኢንተርኔት ነው። ጫማው በካርቶን ይመጣል፣ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይሞከራል፣ ካልሆነ ይመለሳል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ጫማ አልገባሽ ሲል አጠገብሽ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም። ሱቅ ከተገባ ግን አሜሪካም አሜሪካ አይደለችም። አንዲት ሻጭ እግሬን አይታ «የወንዶቹ ላይኛው ፎቅ ነው» ብላኛለች፣ በፈገግታ። ፈገግታው ነው ያመመኝ። ውጭ አገር ሁሉም ሰው ተቀብሎን ይኖራል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ እንደሱ አይደለም። እዚያ ያለው ጥቅም የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ መግዛት መቻሉ ነው።

ወደ ባሕር ዳር ልመለስ። ይዤው የመጣሁት ክፍት ጫማ በመጣሁ ሰሞን ማሰሪያው ተበጠሰ። የቀረኝ የወንድ ስኒከር ነበር። እሱን አድርጌ ከአክስቴ ጋር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ኡራ ግን ሁሉም ይሳለማል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። በሴቶቹ በር በኩል ነጠላ ጫማ፣ ክፍት ጫማ፣ አንድ ሁለት ኮንጎ ተደርድሯል። የኔ ስኒከር ከመሀል ጎልቶ ይታያል። አንዲት እናት ጎንበስ ብለው አነሱት፤ ወደ ወንዶቹ በር ሊወስዱት ነው። አክስቴ ቀደም ብላ «ይተዉት እማማ፣ የእኛው ነው» አለቻቸው። መልሰው አስቀመጡት። ክፉ አላሰቡም፣ አንዱ ሰው በሩን ተሳስቶ ያኖረው መስሏቸው ነው። እኔ ግን ጸሎቴን ያደረስኩት ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነው።

በማግስቱ ጫማ ፍለጋ ወጣን። ሱቆቹ ደጅ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለማን ነው?» ቁጥሩን ከሰማ በኋላ ደግሞ ዓይኑ ከእግሬ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ እግሬ ይመላለሳል። አንዱ ልጅ «እህቴ፣ ይሄ እኮ የሴት ቁጥር አይደለም» አለኝ። አክስቴ አላስጨረሰችውም። «የአባቷን እግር ነው የወሰደችው። ካለህ አለኝ በል፣ ከሌለህ የለኝም በል።» ልጁ አፈረ። ሰልባጅ ተራም ሞከርን። እዚያ ትልቅ ቁጥር አይጠፋም፣ ጥንዱ ግን የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዞ ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ የጎረቤታችንን ልጅ ላንሳ። ረጅም ናት፣ መረብ ኳስ ትጫወታለች፣ እግሯ 42 ነው። ከወንድሟ ጋር አንድ ነጠላ ጫማ ይጋራሉ። ለእህቷ ሰርግ 40 ቁጥር ታኮ ገዝተውላት ግማሹን ቀን ቁጭ ብላ ዋለች፤ «የወንድ እግር» ሲሏት ያደገች ልጅ ናት። የሷና የኔ ታሪክ ለየቅል ነው። ሱቁ ደጅ የሚመልሰን ግን በአንድ ቃል ነው። ነጋዴው ከ41 በላይ የሚፈልግ ሰው የለም ይላል። የለም የሚያስብለው ጠይቀን ስለማንደግም ነው። አንዴ ያፈረ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም።

መፍትሔው የተገኘው ገበያው ዳር፣ ሸራ ሥር ከሚሠሩ አንድ ጫማ ሰፊ ነው። ሽማግሌ ናቸው። እግሬን አይተው ለማን እንደሆነ አልጠየቁም። «ከሰዓት ነይ እታለም። እግር ሲውል ያብጣል፤ ጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ይጠባል» አሉኝ። ከሰዓት ስመለስ ካርቶን መሬት ላይ አነጠፉ፣ በሁለቱም እግሬ አቁመው በእርሳስ ዙሪያዬን ሳሉት። ግራው ከቀኙ ትንሽ ይበልጣል፤ ለግራው ነው የሠሩት። በሜትር የጣቶቼን ሥር፣ ከዚያ የእግሬን ጀርባ ዞሩበት። ያላቸው የሴት ፎርማ 41 ነው። ጫፉና ጎኑ ላይ ቁራጭ ቆዳ እየደራረቡ በማስቲሽ አጣበቁ። በሞረድ ሞረዱት። ካርቶኑ ላይ ካለው ሥዕል ጋር እያስተያዩ እንደገና ሞረዱት። ተረከዙን አልነኩትም፤ ቀጭን እንደሆነ ቀረ። እኔ ለዓመታት ያጣሁት ይሄንን ነው፣ ፊቱ ሰፊ ተረከዙ ቀጭን። ጫማው ቡናማ ነው፣ ዝቅ ያለ ታኮ አለው፣ ተራመድኩበት፣ አይወልቅም።

ስለዚህ እጁ አገር ውስጥ አለ። ቆዳውም አለ። የቻይናው የጫማ ፋብሪካ ኋጂያን እ.ኤ.አ. በ2012 ዱከም ላይ ሥራ ጀምሮ የሴት ጫማ አሜሪካ ሲልክ የሰፉት የኛው ልጆች ነበሩ። የጎደለው ከ41 በላይ የሆነ የሴት ፎርማ ነው፣ ሌላው ደግሞ ሳይፈሩ መጠየቅ መቻል።

ፍርሃቱን አቅልዬ ልናገር አልችልም። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀጣል፤ ሰው ደግሞ ያንንና ትራንስ መሆንን አይለያቸውም። እኔ አክስቴ ከጎኔ አለች፣ የመመለሻ ቲኬትም አለኝ። እዚሁ የምትኖር ትራንስ ሴት ሁለቱም ላይኖሯት ይችላል። እሷን «ደፍረሽ ጠይቂ» ማለት ከኔ አይጠበቅም።

ለሷ የምላት ካርቶኑን ነው። ቤትሽ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ካልሲሽን አውልቀሽ ሁለቱንም እግር ሳይው። እርሳሱን ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ያሳንስሻል። የጣቶችሽን ሥር ዙሪያ በክር ለክተሽ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ሥዕሉ ላይ ጻፊው፣ የእግርሽን ጀርባም እንዲሁ። የታኮውን ቁመት ጨምሪ፤ ቁመቱ ሲለወጥ ፎርማውም ይለወጣል። ከዚያ ለምታምኚው ሰው ስጪና ይላክልሽ። ወረቀት ማንም ይዞት ይሄዳል፤ ጫማ ሰፊው የሚያየው መስመሩን ነው። እኔ አባባን ፎርማውን እንዳያፈርሱት ለምኜ ለብቻው ከፍያቸዋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ልትለካ ቀጠሮ ይዛለች፤ ከላይ አንድ ሽፋን ቆዳ ቢነሳለት ለ42 ይሆናል ብለዋል።