ዳገቱን ኤሌክትሪኩ ወስዶታል፤ ኩርባው ግን ገና ነው

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ መግቢያ ላይ መብራት ይዞን ቆመን ነበር። ከፊታችን ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። አንዱ ድምፁ ደረት ውስጥ የሚገባ፣ ባለ ሁለት በር የቆየ የጀርመን ስፖርት መኪና ነው፤ ሌላው የኋላ መቀመጫው ላይ የሕፃን ወንበር የታሰረበት ነጭ የቻይና ኤሌክትሪክ የቤት መኪና ነው። አረንጓዴው ሲበራ የጀርመኑ አገሳ፤ ኤሌክትሪኩ ግን ድምፅ ሳያሰማ ጥሎት ሄደ። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ «በቃ፣ አለቀ። በአምስት ዓመት ውስጥ በቤንዚን የሚሄድ ስፖርት መኪና የሚባል ነገር አይኖርም» አለኝ። ይህን የምጽፈው ከወዳጄ ንግግር በግማሹ ብቻ ስለምስማማ ነው።

የምስማማበትን ላስቀድም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል፤ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን መኪናም በፋብሪካው ወረቀት ላይ ከተጻፈለት ጉልበት ብዙውን እዚህ አያገኘውም። ሜክሲኮ አካባቢ ዕድሜያቸውን በካርቡራተር፣ ማለትም ቤንዚኑን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው የአሮጌ መኪና ክፍል፣ ላይ የፈጁ አንድ አዛውንት መካኒክ አውቃለሁ። ከውጭ የገባ አሮጌ መኪና ሲቀርብላቸው፣ ከሁሉ በፊት ካርቡራተሩን ይፈቱና ነዳጁን የምትለካውን፣ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የነሐስ ቁራጭ አውጥተው፣ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለች በሌላ ይቀይሯት ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ይኼ የለመደው የቆላ አየር ነው። አየሩ ሲቀንስበት ቤንዚኑም ካልተቀነሰለት ይታነቃል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ዳገት ላይም ያለቅሳል» አሉኝ።

ኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። በጅቡቲ ወደብ ላይ ያለውን ጉልበት ሽሮ ሜዳን አልፎ እንጦጦ ጫፍ ላይም አይነፈግም። የዚህ ነገር ትልቁ ማስረጃ በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ፓይክስ ፒክ በተባለው ተራራ ላይ የሚካሄደው የዳገት ውድድር ነው። ውድድሩ ከ2,862 ሜትር ተነሥቶ፣ 156 ኩርባዎችን አልፎ፣ 4,302 ሜትር ላይ ያበቃል፤ መነሻው ራሱ ከአዲስ አበባ መሀል ከተማ ከፍ ይላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረንሳዊው ሮማን ዱማ የቮልስዋገንን አይዲ አር የተባለ የኤሌክትሪክ ውድድር መኪና ይዞ በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ጫፍ ደረሰ። ሴባስቲያን ሎብ እ.ኤ.አ. በ2013 በቤንዚን ሞተር ያስመዘገበውን ክብረ ወሰንም ከ16 ሰከንድ በላይ አሻሻለው። ስለዚህ በቀጥታ መንገድና በዳገት ላይ ክርክር የለንም። ለነገሩ ኤሌክትሪክ በፍጥነት ሲመራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ከዐድዋ ድል ሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1899፣ በምድር ላይ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሄደው የመጀመሪያው መኪና የቤልጂየማዊው ካሚይ ዠናትዚ የኤሌክትሪክ መኪና ነበር።

ወዳጄ የዘለለው ነገር ግን በዚሁ በአይዲ አር ታሪክ ውስጥ አለ። ያ መኪና ከ1,100 ኪሎ በታች ሊመዝን የቻለው ባትሪው ለዚያች 20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንዲበቃ ብቻ ተለክቶ ስለተሠራ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ይይዛል፤ አንድ ኪሎ የመኪና ባትሪ የሚይዘው ግን የዚህን አንድ ሃምሳኛ እንኳ አይሞላም። የቤንዚን ሞተር ከተሰጠው ጉልበት አብዛኛውን በሙቀት መልክ ያባክናል፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ከመቶ 90 ያህሉን ሥራ ላይ ያውላል። ይህ ሁሉ ታስቦም ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ዕዳውም በክብደት ይከፈላል።

ክብደት በቀጥታ መንገድ ላይ በጉልበት ብዛት ይሸፈናል። ኩርባ ላይ ግን የሚደበቅበት የለም፤ መኪናውን ወደ ውጭ የሚገፋው፣ ፍሬኑን የሚያግለውና ጎማውን የሚበላው እርሱ ነው። ጀርመን አገር ኑርበርግሪንግ የሚባል ወደ 21 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የውድድር መንገድ አለ። የቻይናው የኤሌክትሪክ መኪና ሻዎሚ ኤስዩ7 አልትራ፣ ከ1,500 የፈረስ ጉልበት በላይና ከ2,300 ኪሎ በላይ ክብደት ይዞ፣ ይህንን መንገድ በ7 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገደማ ዞሮታል፤ አራት በር ላለው መኪና ይህ እጅግ የሚደነቅ ውጤት ነው። ጉልበቱ የዚህ ሲሶ ገደማ ብቻ የሆነው፣ 1,450 ኪሎ የሚመዝነው የቤንዚን ፖርሽ 911 ጂቲ3 አርኤስ ግን ያንኑ መንገድ ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሶታል። የስፖርት መኪና ጥበብ የተወለደው ከጉልበት ሳይሆን ከቅለት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አኀዝ አላገኘሁም።

ከአኀዙ ባሻገር ደግሞ እጅና እግር የሚያውቁት ነገር አለ። ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ የቀየረ ሰው፣ ሞተሩ ድምፁን ከፍ እያደረገ መጥቶ «አሁን ቀይረኝ» የሚልበትን ቅጽበት ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪዎችም ይህን ማጣታቸው ገብቷቸዋል። ሀዩንዳይ በአዮኒክ 5 ኤን መኪናው ላይ፣ በእውነት የሌለውን ማርሽ የሚያስመስል መንገጫገጭና ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ የሞተር ድምፅ አስገብቷል። የነዱት ባለሙያዎች በጣም አመስግነውታል፤ እኔም ሥራውን አላናንቅም። ነገር ግን አዲሱ ነገር አሮጌውን ሙሉ በሙሉ የተካው ቢሆን ኖሮ ማስመሰል ባላስፈለገው ነበር።

ገበያው የሚናገረውም ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የፖርሽ የኤሌክትሪክ መኪና ታይካን ሽያጭ ከቀድሞው ዓመት በ49 በመቶ ወርዶ ወደ 21,000 ገደማ ሲሆን፣ 911 ግን ጥቂት ጨምሮ ወደ 51,000 ተጠግቷል። ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ2030 ከሚያቀርባቸው ሞዴሎች 40 በመቶው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናሉ ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ይህንን ዕቅድ በግማሽ ቀንሶ 20 በመቶ አደረገው። ማሴራቲም ኤምሲ20 የተባለውን ስፖርት መኪናውን የኤሌክትሪክ ስሪት ገና ወደ ገበያ ሳይወጣ ሰርዞታል። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን የክሮኤሺያዊው ማቴ ሪማች ጉዳይ ነው። ከዜሮ እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የምትደርሰውን ኔቬራ የተባለችውን የኤሌክትሪክ መኪና የሠራው እርሱ ነው፤ የብዙ ሚሊዮን ገንዘብ የሚያወጡ ደንበኞች ኤሌክትሪክ እንደማይፈልጉ በግልጽ የተናገረውም እርሱ ነው። አሁን በሚመራው ቡጋቲ ሥር የቀረበው አዲሱ መኪናም በባትሪ የሚታገዝ ቢሆንም፣ ዋናው ልቡ 16 ሲሊንደር ያለው የቤንዚን ሞተር ነው።

ወዳጄ በዚህ ላይ «ታዲያ እኛ ዘንድ ሕጉ ጨርሶታል» ይለኛል። እውነት ነው፤ ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን በማሳወቅ ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። ለቤት መኪና ይህን ውሳኔ እደግፋለሁ። ነዳጁን በውጭ ምንዛሪ እንገዛለን፤ ኤሌክትሪኩን ግን ከራሳችን ወንዝ እናወጣለን። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ያስመረቀ አገር፣ የከተማው ነዋሪ ማደያ በር ላይ ተሰልፎ እንዲያድር ሊፈርድበት አይገባም። ነገር ግን ክልከላ አንድ ነገር ነው፣ መተካት ሌላ ነገር ነው። ሕጉ በጉምሩክ በር የሚገባውን ይወስናል፤ አንድ መኪና የሌላውን ሥራ መሥራት መቻሉን ግን የሚወስነው መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ «በዓለም ላይ አልቋል» ማለት የራስን አጥር የዓለም ዳር ማድረግ ነው።

ይህ ደግሞ ለእኛ ለመረዳት ሊያስቸግረን የማይገባ ነገር ነው። አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ምኒልክ በፈረስ ላይ እንደተቀመጡ ዛሬም አሉ፤ ስማቸውም አባ ዳኘው ነው። ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው ተጠርተዋል። ሰውየው በፈረሱ ስም የተጠራው ፈረሱ ከበቅሎ ይልቅ ቶሎ ስላደረሰው አይመስለኝም፤ ለረጅም መንገድማ በቅሎ ትሻል ነበር። ፈረሱ ባለቤቱ ከእርሱ ጋር ሆኖ ብቻ የሚችለው ነገር ነበረው። መኪና መጥቶ ፈረስን ከከተማው መንገድ ካስወጣው በኋላም ጉግስ ባለበት ቦታ ፈረስ አለ። የቤንዚን ስፖርት መኪናም እንዲሁ እየጠበበ፣ እየተወደደ፣ በባትሪ እየተደገፈ ይቀጥላል ብዬ አምናለሁ፤ በእኔ ግምት ቢያንስ ለሚቀጥሉት 15 ዓመታት። የባትሪው ክብደት በግማሽ የሚቀንስበት ቀን ከመጣና 1,400 ኪሎ የሚመዝን ኤሌክትሪክ መኪና ኑርበርግሪንግን ሦስት ጊዜ ሳይግል ከዞረ፣ ይህንን አስተያየቴን በራሴ እጅ እሰርዛለሁ።

እስከዚያው የሚያሳስበኝ በከተማችን የቀሩትን ጥቂት መኪኖች የሚያውቅ እጅ ነው። እኒያ አዛውንት መካኒክ ዐይናቸው ደክሞ ቤት ከዋሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጋራዡን የያዘው ልጃቸው ነው፤ ባለፈው ሳምንት ስሄድ ወፍራም የላስቲክ ጓንት አጥልቆ በአንድ ኤሌክትሪክ መኪና ሥር ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን የከፍተኛ ኤሌክትሪክ ገመዶች ይፈትሽ ነበር፤ ረዳቶቹንም «ባትሪው ሳይቋረጥ ማንም እንዳይነካ» እያለ ያስጠነቅቃል። ከጀርባው፣ መደርደሪያው ላይ፣ የአባቱ የነሐስ ቁርጥራጮች በአሮጌ የወተት ጣሳ ውስጥ አሉ። አንዷን አንሥቼ የስንት ቁጥር እንደሆነች ጠየቅሁት። ብርሃን ላይ ይዞ ቀዳዳዋን አየና «እሱን የሚያውቀው አባቴ ነው፤ እሑድ ጽፌ እይዝልሃለሁ» አለኝ።